ከፊርማው በፊት ያሉት ሳምንታት

[የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ፤ ለጥቂት ሰኮንዶች ከፍ ይልና ቀስ ብሎ ይወርዳል]

በጊዳ አያና፣ በአንገር ጉቲን፣ በነቀምቴ፣ በባኮ፣ በሻምቡና በጊምቢ ሆናችሁ የምትከታተሉን ሁሉ፣ ቡና የቀረበላችሁ ቡናችሁን እየጠጣችሁ፣ በቆሎ የምትፈለፍሉም ሥራችሁን ሳታቋርጡ አዳምጡን።

ዛሬ የምናወራው ስለ ምርምር ገንዘብ ነው። ገንዘቡ "ተፈቅዷል" ከተባለበት ቀን አንሥቶ ውሉ እስከሚፈረምበት ቀን ድረስ ስላሉት ሳምንታት እናወራለን። ድርድሩ የሚቋጨው በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ነው።

"ይሄ የመምህራንና የተመራማሪዎች ጉዳይ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?" የምትሉ አትጠፉም። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቢኤች 660 የሚባለውን በቆሎ ያልዘራ፣ ቢያንስ ስሙን ያልሰማ የወለጋ ገበሬ አለ? ፊደሎቹ "ባኮ ሃይብሪድ" ማለት ናቸው። እዚሁ ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው በባኮ ምርምር ማዕከል ተዳቅሎ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1993 የተለቀቀ ዘር ነው። በ2011 ደግሞ ቢኤች 661 ተከተለው። ሁለቱም በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ፍሬዎች ናቸው።

ስለዚህ የምርምር ገንዘብ በጥሩ ውል ሲመጣ ጥቅሙ ማሳችሁ ድረስ ይደርሳል፤ በመጥፎ ውል ሲመጣ ጉዳቱም እንዲሁ። ለዚህ ነው ሁላችንንም የሚያገባን።

[አጭር ሙዚቃ]

ነገሩን በምሳሌ እንያዘው። ምሳሌው እኔ ለትምህርት ያዘጋጀሁት ነው፤ እንዲህ ያለ ፕሮጀክት በአካባቢው አለ ማለቴ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ።

እንበልና በነቀምቴ ያሉ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከባኮ ተመራማሪዎችና ከአንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ፕሮፖዛል አስገቡ። ጥያቄያቸው ቀላል ነው። በምሥራቅ ወለጋ፣ በጊዳ አያና፣ ገበሬው በቆሎውን በጎተራ፣ በእኛ አጠራር በጎምቢሳ፣ ያስቀምጣል። ሰኔ ሲደርስ ነቀዝ ስንቱን ይበላዋል? አየር በማያስገባ ጆንያ ቢቀመጥስ?

የጆንያው አሠራር የሚገርም ነው። እህሉ በደንብ ደርቆ፣ እርጥበቱ ከ100 እጅ 13 አካባቢ ሲደርስ ይከተታል። አፉ ጠብቆ ይታሰራል። ውስጥ የቀረው ነቀዝ ያለውን አየር ተንፍሶ ይጨርሰውና ራሱ ታፍኖ ያልቃል፤ መርዝ መርጨት አያስፈልግም። ጥሩ ጥያቄ፣ ጥሩ ምርምር።

አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ። "ፕሮፖዛላችሁ ተመርጧል" ይላል። እልል ተባለ፣ ስልክ ተደወለ፣ እንኳን ደስ አላችሁ ተባለ። ታዲያ ገንዘቡ ተገኘ ማለት ነው?

[ጸጥታ፤ ሁለት ሰኮንድ]

አልተገኘም። ደብዳቤው ዝቅ ብሎ "በዚህን ያህል ጊዜ ውስጥ የውል ሰነዶቹን አጠናቅቃችሁ አቅርቡ" ይላል። ብዙ ሰው በደስታ የመጀመሪያውን መስመር ያነብና የኋለኛውን ያልፈዋል። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ የፕሮጀክቱን ዕድል የሚወስነው ያ የኋለኛው መስመር ነው።

ስለ አውሮፓ ኅብረት የምርምር ገንዘብ ትንሽ ላብራራ። ለኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በሩ ክፍት ከሆነላቸው የሕዝብ ገንዘቦች አንዱ ነውና። እንደ ፈረንጆቹ ከ2007 እስከ 2013 በነበረው በሰባተኛው ማዕቀፍ ፕሮግራም ጊዜ፣ ፕሮፖዛሉ ከተመረጠ በኋላ እውነተኛ ድርድር ይካሄድ ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽን "ይህን ቀንሱ፣ ያንን አስተካክሉ" ይላል፤ ተመራማሪዎቹም ይመልሳሉ።

በ2014 ሆራይዘን 2020 የሚባለው ፕሮግራም ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ፕሮፖዛላችሁ በቀረበበት መልኩ ይገመገማል፤ ካለፈም እንዳለ ወደ ውል ይገባል ተባለ። ማመልከቻው ከተዘጋበት ቀን አንሥቶ ውሉ እስኪፈረም 8 ወር ተቆረጠ፤ 5ቱ ለግምገማና ውጤት ማሳወቂያ፣ 3ቱ ለውል ዝግጅት። አሁን ያለው ሆራይዘን አውሮፓም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው።

ታዲያ ድርድር ቀረ ማለት ነው? እኔ እንደማየው አልቀረም፤ ቀደም ወዳለ ጊዜ ዞረ እንጂ። ዛሬ ዋናው ድርድር ፕሮፖዛሉ ከመግባቱ በፊት፣ ከአጋሮቻችሁ ጋር የምታደርጉት ነው። አስተባባሪው የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ "እናንተ መረጃ ትሰበስባላችሁ፤ ይህን ያህል ይበቃችኋል" ሲላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ያን ጊዜ ያልተናገራችሁትን በሦስቱ ወር ውስጥ ማስገባት ከባድ ነው። አስቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ ይባል የለ!

[አጭር ሙዚቃ]

አሁን ወደ ጎምቢሳችን እንመለስ። ከሁሉም በላይ ረዘም አድርጌ ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ ቀን ነው። አዎ፣ ስለ ቀን! ውሉ ላይ "ፕሮጀክቱ የሚጀምርበት ቀን" የሚል ባዶ ቦታ አለ። አብዛኛው ሰው ለዚህ ቦታ ደንታ የለውም።

እንበልና የአውሮፓው አጋር "ጃንዋሪ 1 እንጀምር፤ ለሒሳባችን ይመቻል" አለ። ጃንዋሪ 1 በእኛ ታኅሣሥ 23 ነው። ፕሮጀክቱ ሦስት ዓመት ነው። "እሺ" ብላችሁ ፈረማችሁ። ምን ይሆናል?

እስቲ አብረን እንቁጠር። በጊዳ አያና በቆሎ በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባል። ታኅሣሥ 23 ላይ እህሉ ገብቷል ወይም እየገባ ነው። ገንዘቡ ገና አልደረሰም፣ ጆንያው አልተገዛም፣ ገበሬዎቹ አልተመረጡም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጎተራ አለፈን። የሚቀጥለው ዓመት እህል ይገባል፤ እስከ ሰኔ እንከታተለዋለን። አንድ። የሚቀጥለውም እንዲሁ። ሁለት። ሦስተኛው እህል ኅዳር ላይ ይሰበሰብና ገና ጎተራ እንደገባ ታኅሣሥ 22 ፕሮጀክቱ ያበቃል። ነቀዝ ሥራውን የሚሠራው ደግሞ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ከየካቲት በኋላ ነው። ሦስት ዓመት ተባለ እንጂ የተገኘው ሁለት ወቅት ነው።

አሁን ያንኑ ፕሮጀክት ሐምሌ 1 እናስጀምረው። በክረምቱ ግዥ ይፈጸማል፣ ገበሬዎች ይመረጣሉ፣ የልማት ሠራተኞች ይሠለጥናሉ። ኅዳር ሲመጣ ሁሉ ነገር ዝግጁ ነው። አንድ ጎተራ፣ ሁለት ጎተራ፣ ሦስት ጎተራ። ሦስተኛው ሰኔ ላይ ሲከፈት ፕሮጀክቱም ያበቃል።

ልብ በሉ። ገንዘቡ ያው ነው፤ ዓመቱም ያው ሦስት ነው። የተለወጠው ባዶው ቦታ ላይ የተጻፈው ቀን ብቻ ነው፤ ግን ከሁለት ወቅት መረጃ ወደ ሦስት ተሸጋገርን። በሆራይዘን ውል ላይ ምክንያቱን አስረድቶ የሚመቸውን የመነሻ ቀን መጠየቅ ይቻላል። መጠየቁ ግን የእኛ ሥራ ነው፤ ሌላ ሰው የጊዳ አያናን በቆሎ መቼ እንደሚሰበሰብ ከየት ያውቃል?

ሐምሌ 1 ሌላም ጥቅም አለው። የመንግሥታችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሰኔ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። ፋይናንስ ሒሳብ ይዘጋል፣ ግዥ ይቆማል፣ ሰው ሁሉ ደረሰኝ ያሳድዳል። የበጀት ዓመቱ መዝጊያ የፕሮጀክቱ ዓመት እኩሌታ ላይ ሲወድቅ ተመራማሪው በየስድስት ወሩ ሒሳብ ሲያስታርቅ ይከርማል።

እኔ ራሴ ያየሁትን ልንገራችሁ። የፕሮጀክቱን ስም አልጠራም። የእህል እርጥበት መለኪያ መሣሪያ ተገዝቶ የደረሰው መጋቢት ላይ ነበር። በቆሎው ከታኅሣሥ ጀምሮ በጎተራ ነው። ባለሙያው ካርቶኑን ከፈተ፣ መሣሪያውን አገላብጦ አየው፣ መልሶ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠው። "ለከርሞ" አለ። ያን ዓመት የተሰበሰበው መረጃ የእርጥበት ቁጥር የለውም። ተመራማሪው አልሰነፈም፣ ገንዘቡም አልጠፋም። ቀኑ ነው የተሳሳተው።

እና ደግሜ እላለሁ፤ ከመፈረማችሁ በፊት የእርሻውን የቀን መቁጠሪያና የውሉን የቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩ። ወረቀት ላይ አሥራ ሁለቱን ወራት ጻፉ። ከላይ ማሳው፣ ከታች ውሉ። የማይገጥመውን ዓይናችሁ ያያል።

[ሙዚቃ፤ ትንሽ ረዘም ብሎ]

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። አሃዝ አላበዛባችሁም፤ ሦስት ነገር ብቻ።

የመጀመሪያው የምንዛሪ ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ማድረጉን ታስታውሳላችሁ። በዋዜማው አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ሳምንታት ሳይቆጠሩ ከ100 ብር አለፈ። በብር ተጽፎ የተፈረመ የምርምር በጀት የነበረው ሰው ምን ደረሰበት? ከ17 ሺህ ዶላር በላይ የሚገዛለት አንድ ሚሊዮን ብር 10 ሺህ ዶላር እንኳ መግዛት አቃተው። የእርጥበት መለኪያው ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣው።

በዩሮ የተፈረመለትስ? እሱ ደግሞ በድንገት ብዙ ብር በእጁ ገባ። ታዲያ ያ ትርፍ ብር የማን ነው? የፕሮጀክቱ? የተቋሙ? ወይስ ለገንዘብ ሰጪው ይመለሳል? በዚያው ጊዜ የነዳጁም፣ የጆንያውም፣ የአበሉም ዋጋ ጨምሯል። ውሉ ላይ "ምንዛሪ ቢለወጥ እንዲህ ይደረጋል" የሚል ዐረፍተ ነገር ካለ ጥያቄው በአንድ ስብሰባ ያልቃል። ከሌለ ግን ኦዲተሩ እስኪመጣ ይከራከሩበታል።

ሁለተኛው የክፍያው አመጣጥ ነው። ገንዘቡ አንድ ጊዜ አይመጣም። በአውሮፓው ፕሮግራም ቅድመ ክፍያ ይሰጣል፣ ሪፖርት ሲጸድቅ ይጨመራል፣ ግን የመጨረሻው ሪፖርት እስኪጸድቅ ድረስ ከጠቅላላው ከ100 እጅ 90ው ቢለቀቅ ነው። የቀረው 10 እጅ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው የሚመጣው።

ጥያቄው እንግዲህ፣ በመጨረሻዎቹ ወራት መኪናው ነዳጅ ሲፈልግ፣ መረጃ ሰብሳቢው አበሉን ሲጠይቅ፣ በመሀል ያለውን ጉድለት ማን ይሸፍናል? የዩኒቨርሲቲው ፋይናንስ "እኔ አበድራለሁ" ብሎ በጽሑፍ ካላረጋገጠ፣ የልማት ሠራተኛው ነው ያለ አበል የሚመላለሰው። ይህን ደግሞ ወለጋ ውስጥ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ።

ሦስተኛው ቅነሳ ነው። ይህ በብዙ ዓይነት የምርምር ገንዘብ፣ በአገር ውስጡም ቢሆን ያጋጥማል። ገንዘብ ሰጪው "ሐሳባችሁ ጥሩ ነው፤ በጀቱን ግን ቀንሱ" ይላል። ዕድሉ እንዳያመልጠን ፈርተን ወዲያው "እንቀንሳለን" እንላለን። አንድ ሌሊት ቁጭ ብለን ቁጥሩን እንሸራርፈዋለን፤ ሥራው ግን እንዳለ ይቀራል።

እንዲህ አታድርጉ። በጀቱ ሲቀነስ ሥራውም ይቀነስ። ስድስት ቀበሌ ብላችሁ ከነበረ አራት በሉ። "በዚህ ገንዘብ አራት ቀበሌ በደንብ እንሠራለን፤ ስድስት ካላችሁ ግን ይህን ያህል ያስፈልጋል" ብሎ መናገር ነውር የለውም። እንዲያውም የሚያስከብር ነው። በስድስት ቀበሌ ፈርሞ አራት ያቀረበ ውሉን አፈረሰ ይባላል፤ በአራት ፈርሞ አራት ያቀረበ ግን ቃሉን ጠበቀ ይባላል።

ለዚህ ታዲያ ድርድሩ ላይ ዋናው ተመራማሪ ብቻውን አይቅረብ። የፋይናንስ ሰው ይኑር፣ የግዥ ሰው ይኑር፣ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መንገዱንና ማሳውን የሚያውቅ ሰው ይኑር። የሚናገረው አንድ ይሁን፤ ሌሎቹ ይጻፉ። ለተቋሙ መፈረም የሚችለው ማን እንደሆነም አስቀድሞ ይታወቅ፤ መምህሩ ስለተደራደረ ብቻ ተቋሙን የሚያስገድድ ፊርማ አለው ማለት አይደለም።

[አጭር ሙዚቃ]

ውድ አድማጮች፣ አሁን እውነተኛ ታሪክ ልነግራችሁ ነው። ስለ ጤፍ ነው። እባካችሁ ልጆቻችሁንም ጥሩና አዳምጡ።

እንደ ፈረንጆቹ በ2005 የኢትዮጵያ የብዝሃ ሕይወት ተቋምና የግብርና ምርምር ድርጅት ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ፈረሙ። ኩባንያው ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ይባላል። የጤፍ ዝርያዎቻችንን ይጠቀማል፤ በምትኩ ከሚያገኘው ላይ ለኢትዮጵያ ያካፍላል፤ በጤፍ ላይ የጋራ ምርምርም ይደረጋል ተባለ። በወቅቱ ለዓለም ምሳሌ የሚሆን ስምምነት ነው ተብሎ ተወደሰ።

ችግሩ የት ነበር? ኩባንያው ስምምነቱ ከመፈረሙ በፊት ጀምሮ ጤፍን በዱቄት መልክ ስለማዘጋጀት የፓተንት ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። ፓተንቱም በ2007 በአውሮፓ ተሰጠው። በ2009 ኩባንያው ከሰርኩ ብሎ ተዘጋ። ፓተንቱ ግን አልከሰረም፤ ወደ ሌላ ኩባንያ ተላለፈ። ያ ሌላው ኩባንያ ደግሞ ከኢትዮጵያ ጋር የፈረመው አንዳች ነገር የለም።

ኢትዮጵያ ከዚያ ሁሉ ምን አገኘች? 4,000 ዩሮ ገደማና ተጀምሮ የተቋረጠ አነስተኛ የምርምር ሥራ። ሌላ የለም።

[ጸጥታ፤ ሦስት ሰኮንድ]

ፓተንቱ በኔዘርላንድስ በኋላ፣ በ2018፣ በዘ ሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ተደርጓል። ደስ ይላል። ግን ውድቅ የሆነው በሁለት ኩባንያዎች መካከል በተነሣ ክርክር ነው፤ እኛ ባስቀመጥነው የውል አንቀጽ አይደለም።

ይህን ታሪክ የማነሣው የፈረሙትን ሰዎች ለመውቀስ አይደለም። በቅን ልብ ለአገር ጥቅም ብለው የፈረሙ ናቸው። ግን ከእነሱ ድካም መማር አለብን። እስቲ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ እኛ ብንሆን ምን እንጠይቅ ነበር?

"ከዚህ በፊት በዚህ እህል ላይ ያስገባችሁት የፓተንት ማመልከቻ አለ ወይ?" እንል ነበር። "ኩባንያው ቢዘጋ ወይም ቢሸጥ፣ መብቱን የሚወስደው ሰው በዚህ ውል ይገደዳል ወይ?" እንል ነበር። "ድርሻችን ከትርፍ ላይ ነው ካላችሁ፣ ትርፍ የለም ብትሉንስ ምን እናገኛለን?" እንል ነበር። "ብንጣላ የምንዳኘው የት አገር ነው? ጠበቃውን የሚከፍለው ማን ነው?" እንል ነበር። አራት ጥያቄ ነው፤ አራቱም ከፊርማ በፊት የሚጠየቁ ናቸው።

ከዚያ ስምምነት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1998፣ አገራችን የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 482/1998 አወጣች። በዚህ ሕግ መሠረት ዘራችንን ወስዶ መመራመርም ሆነ ከአገር ማውጣት ፈቃድ ይጠይቃል። ማኅበረሰቡ ስለ ዕውቀቱ የመፍቀድና የመከልከል መብት አለው።

የማኅበረሰብ ዕውቀት ምንድን ነው ብትሉ፣ ሩቅ አትሂዱ። እናቶቻችን እህሉን ከአመድ ጋር ቀላቅለው ከነቀዝ የሚጠብቁት ያ ብልሃት ዕውቀት ነው። የበቆሎ ነቀዝን የሚያጠና ተመራማሪ ቤታችሁ መጥቶ "አመዱን እንዴት ትቀላቅላላችሁ? ከምን እንጨት ነው?" ብሎ ሲጽፍ፣ ዕውቀታችሁን እየጻፈ ነው። መንገር ደግ ነው። ግን ስማችሁና ቀበሌያችሁ ውሉ ውስጥ የት እንደተጻፈ መጠየቅም ደግ ነው።

በምሳሌያችን ያሉት መምህራንም እንግዲህ የአፈር ወይም የእህል ናሙና ወደ አውሮፓ ለመላክ ካሰቡ፣ ፈቃዱን የሚጠይቁት ናሙናው ተጠቅልሎ ፖስታ ቤት ሲደርስ መሆን የለበትም። የሥራው መርሐ ግብር ላይ ራሱን የቻለ ጊዜ ይሰጠው። ሰውን የሚመለከት መጠይቅ ካለም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ እንዲሁ። ፈቃድ ጊዜ ይወስዳል፤ በውሉ ላይ ጊዜ ያልተሰጠው ፈቃድ ከምርምሩ ወቅት ላይ ነው የሚቆረሰው።

[ሙዚቃ]

አንድ ከባድ ነገር ቀርቶኛል። በዝግታ ልናገረው።

ባለፉት ዓመታት ጊዳ አያናንና ኪረሙን ጨምሮ በምሥራቅ ወለጋ ብዙ ሰው ከቀየው ተፈናቅሏል። መንገድ የተዘጋበት፣ ስልክ የተቋረጠበት፣ የተዘራ ያልተሰበሰበበት ወቅት አሳልፈናል። ይህን የምታዳምጡ ብዙዎቻችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

የምርምር ውል ላይ "ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ" የሚል አንቀጽ አለ። በሌላው አገር ይህን አንቀጽ ማንም ሳያነብ ያልፈዋል፤ የማይደርስ ነገር ይመስላቸዋል። እኛ ግን ቃል በቃል ማንበብ አለብን። መንገድ ቢዘጋ በስንት ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለብን? ለማን? በስልክ ወይስ በጽሑፍ? ስልክ ራሱ ቢቋረጥስ? ሥራው በቆመበት ጊዜ የመረጃ ሰብሳቢዎቹ ደሞዝ ይቀጥላል? ጊዜው ይራዘማል ወይስ ይቆረጣል?

አንዳንድ ተመራማሪ ይህን ማንሣት ይፈራል። "ስለ ጸጥታ ካነሣን ገንዘቡን ይከለክሉናል" ይላል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። ችግሩን አስቀድሞ የነገረና መፍትሔውንም ያዘጋጀ ተመራማሪ ይታመናል። ለምሳሌ እዚያው ቀበሌ የሚኖሩ የልማት ሠራተኞች መለኪያውን ተምረው፣ መዝገቡን እነሱ ቢይዙ፣ መኪና ከነቀምቴ መምጣት ባይችል እንኳ የጎተራው ክትትል አይቋረጥም። መዝገቡ በወረቀት ይሁን፤ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋም ይጻፍበታልና። እንዲህ ያለው ዕቅድ ፕሮፖዛሉ ላይ ሲጻፍ ድክመት አይመስልም። ቦታውን የሚያውቅ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል።

[አጭር ሙዚቃ፤ ዝቅ ብሎ ይቀጥላል]

ሰዓታችን እየደረሰ ነው። ሁለት መልእክት አለኝ።

የመጀመሪያው ለእናንተ ለወጣት መምህራንና ተመራማሪዎች ነው። "ተመርጣችኋል" የሚል ደብዳቤ ሲደርሳችሁ፣ ደስ ይበላችሁ፤ ይገባችኋል። በማግስቱ ግን አንድ ነገር አድርጉልኝ። ውሉን በኮምፒውተር ላይ አትዩት፤ በወረቀት አትማችሁ አውጡት። ከፋይናንስ ባልደረባችሁ ጋር ሆናችሁ፣ እስክሪብቶ ይዛችሁ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ያልገባችሁ ቃል ላይ አስምሩ። "ይህ ምን ማለት ነው?" ብሎ ለአስተባባሪው መጻፍ አያሳፍርም።

ሁለተኛው ለእናንተ ለጊዳ አያና ገበሬዎች ነው። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ አንድ ተመራማሪ ጎምቢሳችሁን ለማየት፣ ከእህላችሁ ናሙና ለመውሰድ ይመጣ ይሆናል። እንደ ወጋችን ተቀበሉት፤ ቡናም አቅርቡለት። ከዚያ ግን ጠይቁት። "እህሌን የት ትወስደዋለህ? ውጤቱን መቼ መጥተህ ትነግረኛለህ? የፈረምከው ውል ላይ ስለ እኔ የተጻፈው የትኛው ገጽ ላይ ነው?" በሉት። ገጹን ካሳያችሁ ናሙናውን ስጡት። ካላሳያችሁ ገጹን ይዞ እስኪመለስ ጠብቁት።



[የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ከፍ ይልና ያበቃል]